የቢሮ ሰው ፐብሊክ ፖሊሲ ሲያስተምር፦ ሴሚስተሩን በአንድ ፋይል የመጨረስ ዘዴ

ይሄን የምፅፈው ለኔ ብጤ ነው። 25 ምናምን 30 አመት መንግስት ቤት ሰርታችሁ ጡረታ ደጅ ላይ ለደረሳችሁ፣ እና አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የሰፈር ልጅ ደውሎ "ጋሼ ፐብሊክ ፖሊሲ የሚይዝልን ሰው አጣን፣ እርስዎ ደሞ ስራውን ኖረውበታል፣ አንድ ሴሚስተር ይያዙልን" ላላችሁ። እኔን እንደዛ ብለው ነው ያስገቡኝ። ደሴ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሴሚስተር አስተማርኩ፣ የመጀመሪያውን ድብን አድርጌ አበላሸሁት፣ ሁለተኛው ላይ መንገዱ ትንሽ ታየኝ፣ ሦስተኛው ላይ በቃ ደስ እያለኝ መግባት ጀመርኩ። የሰራልኝን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ መሃል ላይ ወሬ ካበዛሁ ታገሱኝ የእድሜ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። መምህራኑ ቲዎሪውን ከኛ በላይ ያውቁታል፣ እዛ ላይ መፎካከር ድካም ነው። እኛ የምንበልጣቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፋይል አገላብጠናል። አዋጁ አዲስ አበባ ታትሞ እዚህ ደሴ አንዲት ሴትዮ እጅ ላይ "አይቻልም" ሆኖ እስኪደርስ መሃል ላይ ምን ምን እንደሚሆን እናውቃለን፣ ምክንያቱም መሃል ላይ የተቀመጥነው እኛ ነን። ስለዚ የምታስተምሩት እሱን ነው።

ደሞ ሳልረሳው፣ ከመጀመራችሁ በፊት ከመስሪያ ቤታችሁ የፈቃድ ደብዳቤ በፅሁፍ ያዙ፣ የቃል ፈቃድ ኃላፊ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ክፍያው ይዘገያል። እኛም ስንት ሰው ስናዘገይ ኖረናል አይደል፣ ቻሉት።

1. ትዝታችሁን ቤት አስቀምጡት

የመጀመሪያ ቀን ሱፌን ለብሼ ከረቫት አስሬ ገባሁ። 2 ሰአት ሙሉ አወራሁ። ወረዳ እያለሁ በበቅሎ ስንት ሰአት እንደተጓዝን፣ ገምጋሚ ቡድን መጥቶ ሪፖርት ሲጠፋ ሌሊቱን በማሾ ስንፅፍ ያደርን ጊዜ፣ ቢፒአር (የመሰረታዊ የስራ ሂደት ለውጥ የሚባለው) መጥቶ ጠረጴዛ ሁሉ ሲገለባበጥ፣ ብዙ ነገር። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔም ጎበዝ መምህር የሆንኩ መሰለኝ። ልንወጣ ስንል ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "ጋሼ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?" አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እውነቷን እኮ ነው፣ 2 ሰአት ከኔ ጋር ተቀምጣ ምን ይዛ ትውጣ?

ደንግጬ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሌላኛው ገደል ገባሁ። ሞጁሉን ገልብጬ 74 ስላይድ ሰራሁ፣ አጀንዳ ቀረፃ፣ ፖሊሲ ቀረፃ፣ ውሳኔ፣ ትግበራ፣ ግምገማ፣ ቀስት በቀስት። 11ኛው ስላይድ ላይ መብራት ጠፋ። ጨለማው ውስጥ ቆሜ አንድ የራሴ የምለው አረፍተ ነገር አጣሁ። ያኔ ነው የገባኝ፣ ትዝታ ብቻም አይሆንም ስላይድ ብቻም አይሆንም።

አሁን የያዝኩት ደንብ ይሄ ነው፦ በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ትዝታ፣ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም፣ እሱም ጠረጴዛቸው ላይ ካለ ወረቀት ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ወረቀት የሌለው ትዝታ ለቡና ሰአት ይቆይ።

2. አንድ ፋይል ምረጡ

ከሴሚስተሩ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ፋይሉ የተዘጋ ይሁን፣ ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ ወይ ክርክር ያላለቀበት እንዳትነኩ። ከ12 እስከ 20 ገፅ ይብቃው። ቢያንስ 3 ቢሮ የነካ ይሁን። እና የግድ አንድ ቦታ ላይ ባለጉዳዩ የተከለከለበት፣ ቅሬታ የፃፈበት መሆን አለበት፣ ሁሉ ነገር የተሳካበት ፋይል ምንም አያስተምርም።

ትልቅ ጉዳይ አትፈልጉ። ሰው ፖሊሲ ሲባል ግድብ፣ ባቡር፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የሚታየው። እኔ የያዝኩት የጣሪያ ጉዳይ ነው። አንዲት ሴትዮ ከናቷ በውርስ ያገኘችው አሮጌ ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ ልቀይር ብላ የእድሳት ፈቃድ ጠየቀች። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፣ የጦሳ ተራራ ጉሙን ማራገፍ ከጀመረ በኋላ የሚያፈስ ጣሪያ ማለት ምን እንደሆነ። ካርታው በሟች እናቷ ስም ነው፣ ስም ዝውውር አልተሰራም፣ ስለዚ እድሳት ክፍል ወደ ይዞታ ክፍል ላካት፣ ይዞታ ደሞ ቀበሌ ማስረጃ አምጪ አላት፣ ቀበሌ የውርስ ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አላት። ያው ታውቁታላችሁ። አሁን ይቺ 17 ገፅ ውስጥ ህገ መንግስቱ ድረስ መውጣት ይቻላል፣ ወደ ታች እንደርስበታለን።

3. ስም ማጥፋት

ስም ማጥፋት ስል ያኛውን፣ የሚያስከስሰውን ማለቴ አይደለም፣ ማንነቱን ከወረቀቱ ላይ ማውጣት ማለቴ ነው። ግን በትክክል ካልሰራችሁት ወደዛኛው መሄዱ አይቀርም።

እኔ ምን አደረግኩ፣ ዋናውን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ስሟን በማርከር አጠቆርኩና አባዛሁ። ሰፈሩን፣ የቤቱን ቁጥር፣ የእናቷን የሞተችበትን ቀን ተውኩት። ክፍል ውስጥ ካደልኩ 10 ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ልጅ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ በብርሃን አየውና "ጋሼ... ይሄ እኮ የአክስቴ ቤት ነው" አለ። ማርከሩ ስር ያለው ስም በብርሃን ይነበባል ለካ። ክፍሉ ፀጥ አለ። ወረቀቱን በሙሉ ሰብስቤ ክፍሉን በተንኩና በዛው ቀን ሴትዮዋ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። "አብሽር ልጄ" ብላ ቡና ጀባ አለችኝ፣ ልጇ የምሆን ሰው አይደለሁም ግን እንደዛ አለችኝ፣ ጭራሽ ፋይሉን ተጠቀምበት አለችኝ። ሁሉም ሰው ግን እንደሷ አይደለም፣ ደሞ እሷ ስለፈቀደች የኔ ጥፋት ጥፋት መሆኑ አይቀርም።

ስለዚ እንዲህ አድርጉ። ባለጉዳዩን አስፈቅዱ፣ ኃላፊያችሁንም በደብዳቤ አስፈቅዱ። ከዛ ፎቶ ኮፒ የሚባለውን ነገር እርሱትና እያንዳንዱን ገፅ እንደ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ፃፉት፣ ምሪቱን (ኃላፊው ጥግ ላይ በእጁ የሚፅፈውን ትእዛዝ) ጭምር። ስም፣ ሰፈር፣ የቤት ቁጥር፣ የደብዳቤ ቁጥር ቀይሩ። ቀኖቹን ሁሉ በእኩል ግፉ፣ ለምሳሌ ሁሉንም 40 ቀን ወደፊት፣ እንደዛ ከሆነ በደብዳቤና በደብዳቤ መሃል ያለው ርቀት አይበላሽም፣ እሱ በኋላ ያስፈልጋችኋል። ብር ካለበት በአንድ ቁጥር አባዙት። የፈራሚዎቹንም ስም አውጡ፣ የስራ መደባቸው ብቻ ይቅር፣ የስራ ባልደረቦቻችሁን ክፍል ውስጥ መሳቂያ ማድረግ አያምርም። ሲያልቅ ፋይሉን ለማያውቅ ሰው ስጡና "ይሄ የማን ይመስልሃል?" በሉት።

4. የመጀመሪያው ክፍል፦ ወረቀቱን በውዙትና ስጧቸው

እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ ያለው፣ ሌላው ማጀቢያ ነው።

17ቱን ገፅ እንደ መጫወቻ ካርታ በውዙት። ልጆቹን 5 5 አድርጋችሁ አስቀምጡና ለየቡድኑ አንድ አንድ ኮፒ ስጡ፣ ምንም ማብራሪያ አትስጡ፣ "ምን እንደተፈጠረ ንገሩኝ" ብቻ። መጀመሪያ ይጨናነቃሉ። ከዛ አንዱ በቀን እንደርድረው ይላል፣ ሌላዋ የለም በደብዳቤ ቁጥር ትላለች፣ ይሄ ክርክር ራሱ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱ አይገጥሙም፣ ደብዳቤ ዛሬ ተፅፎ ቁጥር የሚወጣለት ከሳምንት በኋላ ሊሆን ይችላል፣ መዝገብ ቤት የምታውቁትን ነገር ነው። ግልባጩን አይተው "ለምንድነው ለ4 ቢሮ ግልባጭ ያደረገው?" ሲሉ መልሱን አትንገሯቸው፣ ይፈልጉት።

ሁሉም ደርድረው ሲጨርሱ ነጭ ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም መስመር አስምሩና ቀኖቹን አስገቡ። የኔ ፋይል ማመልከቻ ከገባበት መልስ እስከተሰጠበት 94 ቀን ነው። ከዛ ጠይቁ፦ ከ94ቱ ቀን ውስጥ አንድ ሰው እስክሪብቶ ያነሳበት ቀን ስንት ነው? ቆጠሩት። 9። ቀሪው 85 ቀን ፋይሉ የት ነበር? ሞጁሉ ትግበራ በሚለው ሳጥን ውስጥ ያለው ነገር በአብዛኛው ይሄ 85 ቀን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ግን አይታይም።

ቀጥሎ ወደ ምሪቱ ግቡ። ልጆቹ መሃል ላይ የተተየበውን ነው የሚያነቡት፣ ጥግ ላይ በእጅ የተጫረውን ይዘሉታል። ውሳኔው ያለው ደሞ እዛ ጥግ ላይ ነው። እኔ የማስተምራቸው መዝገበ ቃላት እንዲህ ነው፦

"በመመሪያው መሰረት ይፈፀም" እሺ ይመስላል፣ እሺ አይደለም። ኃላፊው ኃላፊነቱን ወደ ታች ወረወረው ማለት ነው፣ ነገ ስህተት ከሆነ በመመሪያው ነው ያልኩት ይላል። ባለሙያው ይሄን ሲያይ ይፈራል፣ ሲፈራ ደሞ ተጨማሪ ማስረጃ ይጠይቃል። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ቀበሌ የተመላለሰችው በዚች አንድ ምሪት ነው።

"አጣርተህ አቅርብልኝ" ቀን ካለው የምር ነው። ቀን ከሌለው ፋይሉ ተኝቷል።

"ያነጋግሩኝ" በወረቀት የማይፃፍ ነገር አለ ማለት ነው፣ ጥሩም ሊሆን ይችላል መጥፎም።

"ይታይ" ማንም አያየውም።

"ከፋይሉ ጋር ይያያዝ" ተቀበረ፣ ነፍስ ይማር።

ሳቃቸውን ከጨረሱ በኋላ አንድ የምር ጥያቄ ጠይቁ። እድሳት ክፍል ያለው ባለሙያ ክፉ ሰው ነው? ግማሹ አዎ ይላል። ከዛ አንድ ጎበዝ ልጅ ወረቀቱ ላይ እንዲያሳይ አድርጉት፦ ባለሙያው ፈቅዶ ቢሳሳት ይጠየቃል፣ ከልክሎ ቢሳሳት ማንም አይጠይቀውም። በሱ ቦታ ብትቀመጡ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ራሴ በዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ከልካይ ነበርኩ፣ ይሄን ስነግራቸው ክፍሉ ዝም ይላል።

5. ከፋይሉ ወደ ላይ ውጡ

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት መሰላል መውጣት ነው። ፋይሉ ውስጥ "በመመሪያው መሰረት" ይላል፣ የትኛው መመሪያ? ልጆቹ ይፈልጉ። መመሪያው ከየት ስልጣን አገኘ? ከደንብ። ደንቡስ? ከአዋጅ። አዋጁስ? ከህገ መንግስት። ይሄን ቅደም ተከተል በቃል ይሸመድዱታል ግን በወረቀት ሲያዩት ሌላ ነው፣ እኔ ግድግዳው ላይ ከታች ወደ ላይ በፕላስተር እንዲለጥፉት ነው የማደርገው። አዋጁን ነጋሪት ጋዜጣ ላይ፣ የክልሉን ደሞ ዝክረ ሕግ በሚባለው የክልሉ ጋዜጣ ላይ እንዲያገኙት፣ ከቴሌግራም በወረደ ማጠቃለያ እንዳይሰሩ።

የጣሪያዋ ፋይል መጨረሻ ላይ የት ወሰደን መሰላችሁ፣ የሊዝ አዋጅ 721/2004 ላይ። እዛ ውስጥ ነባር ይዞታ (ከሊዝ በፊት የተያዘ ቦታ) ላይ ያለ ቤት ለሌላ ሰው ሲተላለፍ መሬቱ ወደ ሊዝ ይገባል ይላል፣ ከውርስ በስተቀር። "ከውርስ በስተቀር" የምትለዋ ሁለት ቃል ናት ሴትዮዋን ያዳነቻት። ፋይሉ 7ኛ ገፅ ላይ ያለው ባለሙያ ይቺን ስላላያት ወደ ሊዝ ካልገባሽ አይሆንም ብሎ መልሷታል፣ 13ኛ ገፅ ላይ ያለችው የህግ ባለሙያ አይታታለች። ልጆቹ ይሄን ራሳቸው ሲያገኙት እዩዋቸው፣ ጮቤ ነው የሚረግጡት። እኔ ከነገርኳቸው ግን ማስታወሻ ይፅፋሉ፣ አለቀ።

ከዛ አንድ እርከን ወደ ኋላ። ለመሆኑ የከተማ መሬት የመንግስት የሆነው መቼ ነው? ሐምሌ 1967፣ አዋጅ ቁጥር 47። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ትርፉ ተወረሰ፣ ወርሃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዛ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች። እዚህ ደሴ አራዳም ፒያሳም አካባቢ "የቀበሌ ቤት" እየተባለ የሚጠራው ቃል ከዚህ ነው የመጣው፣ ልጆቹ ግማሾቹ እዛ ቤት ውስጥ አድገው ቃሉ ከየት እንደመጣ አያውቁም። ከዛ የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀፅ 40። እዚህ ስትደርሱ ጣሪያዋ የ50 አመት ታሪክ ተሸክማለች ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ህግ ይሻሻላል። አምና የያዛችሁትን ዘንድሮ እንዳለ ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ ፋይሉ በተወሰነበት ጊዜ የሚሰራው የቱ ነበር፣ አሁን የሚሰራውስ የቱ ነው ብላችሁ ለዩላቸው። እና ደሞ የፌደራል መመሪያ ሲገጥማችሁ 1183/2012ን አሳዩዋቸው፣ የአስተዳደር ስነ ስርአት አዋጅ የሚባለው፣ መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ህዝብ አስተያየት ይስጥበት፣ ይመዝገብ፣ ይፋ ይሁን የሚል ነው። እኛ በጠረጴዛ ኪስ መመሪያ ይዘን ስንሰራ ያረጀን ሰዎች ይሄን አዋጅ ስናነብ ትንሽ ማፈራችን አይቀርም።

6. አንድ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ውረዱ

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ሚኒባስ ላይ ስትወጡ ጃኬት ለብሳችሁ የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዛችሁ ስትጨርሱ ጃኬት አውልቃችሁ ነው። ምሳ ሰአት ላይ መመለስ ይቻላል። ለምን ኮምቦልቻ ካላችሁ፣ መሬት ከእርሻ ወደ ፋብሪካ ሲዞር በአይን የሚታየው እዛ ስለሆነ ነው፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ደረቅ ወደብ አለ፣ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ። አጥር ውስጥ መግባት አያስፈልጋችሁም፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆማችሁ ሜዳውን እዩና እዛው ሳር ላይ ሂሳብ ስሩ።

ሂሳቡ የካሳ ነው። ገበሬው ምናባዊ ይሁን፣ የእውነተኛ ሰው ገቢ እንዳትጠቀሙ። አምስት አመት ያገኘው ገቢ በቅደም ተከተል 30,000፣ 34,000፣ 28,000፣ 40,000 እና 48,000 ብር ነው በሉ። በአሮጌው በ455/1997 አዋጅ በቋሚነት ለሚነሳና ምትክ መሬት ላልተሰጠው ገበሬ የመፈናቀያ ካሳው የ5 አመቱ አማካይ በ10 ተባዝቶ ነበር። አማካዩ 36,000፣ ካሳው 360,000። እሱን በተካው በ1161/2011 ደሞ ካለፉት 3 አመታት ከፍተኛው ተይዞ በ15 ይባዛል። 48,000 በ15፣ 720,000። እጥፍ። ያው ገበሬ፣ ያው መሬት።

እዚህ ላይ ሁሉም ያጨበጭባል፣ አዲሱ ይሻላል ይላሉ። አትጨርሱት። ለማን ይሻላል? ተጨማሪውን 360,000 ማን ይከፍላል? ከተማው በጀት ከሌለውስ፣ መሬቱን አይወስድም ወይስ ወስዶ ካሳውን ያዘገያል? 28,000 ያገኘበት አመት ድርቅ ነበር፣ በአሮጌው ስሌት ድርቁም አብሮ ካሳውን ቀነሰበት ማለት ነው፣ ይሄ ፍትህ ነው? ካሳው 6 ወር ቢዘገይ በኑሮ ውድነቱ ስንት ይቀረዋል? ሞጁሉ "ፖሊሲ አማራጭ ትንተና" የሚለው ምዕራፍ ይሄው ነው፣ ቢራ ፋብሪካው ጋ ያለ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ትጨርሱታላችሁ። ማሻሻያዎቹን ግን ከመውረዳችሁ በፊት እዩ።

7. አጀንዳን በወሎ አስተምሩ

አጀንዳ ቀረፃን (አንድ ችግር የመንግስት ጉዳይ የሚሆንበትን መንገድ) የውጭ ምሳሌ እያመጡ ማስተማር እዚህ አገር ላይ ያሳፍራል። የ1965 እና 66ቱ ረሃብ ያለው ደጃችን ነው። መረጃው ከወረዳ ወደ ላይ ሲሄድ እየሳሳ ሄደ፣ የራበው ህዝብ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አስፋልት ላይ ወጥቶ መኪና ማስቆም ጀመረ፣ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ፎቶ አንስተው ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ፣ በጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የረሃቡን ፊልም ለአለም አሳየ። ልጆቹን ጠይቁ፦ ችግሩ መቼ ተፈጠረ፣ አጀንዳ የሆነው መቼ ነው? መሃል ላይ ያለውን ወር ይቁጠሩት። ልክ የጣሪያዋን 94 ቀን እንደቆጠሩት።

አንድ ነገር ጨምሩበት። ኋላ ኖቤል ያገኘው ህንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርቲያ ሴን የዛን ጊዜውን የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ መርምሮ ብዙም አለመወደዱን ነው ያገኘው። እህሉ ዋጋው ሳይሰቀል ሰው ሞተ፣ ምክንያቱም ገበሬው ምርቱ ሲጠፋ የሚገዛበት ብርም አብሮ ጠፋ። እንዲያውም ከወሎ የወጣ እህል ነበር። ይሄን ሰኞ ገበያ ለሚገበያዩ ልጆች ስትነግሯቸው የሚሰጡት አስተያየት ከየትም አታገኙትም።

ሴፍቲኔትን (የምግብ እጥረት ያለበትን ቤተሰብ በስራ የሚረዳውን ፕሮግራም) ከዚሁ አያይዙት። በ1997 ሲጀመር የአንድ ቀን ስራ 6 ብር ወይ 3 ኪሎ እህል ነበር። በ2000 እህል ሲወደድ 8 ብር ሆነ። ብሩን ወይስ እህሉን ትመርጣላችሁ ብላችሁ እጅ አስወጡ፣ በ97ቱ ዋጋ አንዴ፣ በ2000ው ዋጋ አንዴ። ተረጂ ስለሚመርጠው ኮሚቴ ደሞ 12 ቤተሰብ በወረቀት ፍጠሩ፣ ኮታው 5 ነው በሉ፣ ይምረጡ። የኔ ክፍል ሊደባደብ ነበር።

8. ወደ ቢሮ ስትልኳቸው

ሰኔ ላይ አትላኩ። በጀት አመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሁሉም ሰው ያልተጠቀመበትን በጀት እያሳደደ ነው፣ ማንም አያናግራቸውም። ሐምሌም ቀዝቃዛ ነው። ጥቅምትና ህዳር ደህና ናቸው።

የድጋፍ ደብዳቤ አሲዛችሁ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ላኩ። ስራቸው ጥያቄ መጠየቅ አይደለም፣ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ 2 ሰአት ተቀምጦ ማየት ነው። ስንት ሰው ገባ፣ ስንቱ ጨርሶ ወጣ፣ ስንቱ ነገ ና ተባለ፣ ስንቴ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባለ፣ የዜጎች ቻርተሩ (ቢሮው ለየአገልግሎቱ ቃል የገባበት ሰሌዳ) ግድግዳው ላይ ስንት ደቂቃ ይላል። ስም አይፃፍ፣ ፎቶ አይነሳ። የቢሮውን ስም ሪፖርቱ ላይ "ቢሮ ሀ" ይበሉት። እና ደሞ ደግ ነገር ካዩም ይፃፉት፣ አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች ያመጡልኝ ሪፖርት ስለ ጥበቃው ነበር፣ ማንበብ ለማይችሉ ባለጉዳዮች ቅፅ የሚሞላላቸው ጥበቃው ነው፣ የስራ መደቡ ላይ የለም። ሰውየው ፈቃድ ላይ የወጣ ቀን ቢሮው ቆመ ብለው ፃፉ። ከሴሚስተሩ የወደድኩት ወረቀት እሱ ነው።

ፋይል የጠፋበት ቢሮ ከገጠማቸውም አትገረሙ፣ በ2014ቱ ጦርነት እዚህ ብዙ ሰነድ ተዘርፏል ተቃጥሏል። ባለጉዳይ ማስረጃው ሲጠፋበት ማን ነው የማስረዳት ሸክሙን የሚሸከመው፣ እሱ ወይስ ቢሮው? ይሄ ለብቻው አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል።

9. ክፍሉ ሲሞቅ

ልጆቹ ከየክልሉ ናቸው፣ መሬት ስትነሳ ማንነት መነሳቱ አይቀርም። እኔ የማደርገው አንድ ነገር ነው፣ ወደ ወረቀቱ እመልሳቸዋለሁ። "የትኛው ገፅ ላይ ነው ያየኸው?" ገፅ ከሌለው ቡና ላይ እናወራለን። የፓርቲ ስም ክፍል ውስጥ አላነሳም፣ ሲያነሱብኝም አዋጁን ማን አወጣው ከምንል ማንን ጠቀመ ማንን ጎዳ እንበል እላለሁ። አንዳንዴ አይሰራም። ያኔ እረፍት።

10. ፈተናና ውጤት

ፖሊሲ ምንድነው ብላችሁ ትርጉም እንዳትጠይቁ፣ ሸምድደው ይገለብጡላችኋል። እኔ ከ50ው 30ውን የምሰጠው ለአንዲት ገፅ ወረቀት ነው። የማያውቁት አዲስ ፋይል፣ 6 ገፅ፣ እሰጣቸውና ለኃላፊው የውሳኔ ሃሳብ እንዲፅፉ አደርጋለሁ። ጉዳዩ በ3 መስመር፣ የሚመለከተው ህግ አንቀፁ ተጠቅሶ፣ ሁለት አማራጭ፣ እያንዳንዱ አማራጭ ማንን ምን እንደሚያስከፍል፣ የራሳቸው ሃሳብ፣ ፊርማ። ከአንድ ገፅ ካለፈ 5 ማርክ ይቀነሳል፣ ምክንያቱም ኃላፊ ሁለተኛ ገፅ አይገልጥም፣ ይሄን ከኔ ውሰዱት። "የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል" ብሎ የፃፈ ደሞ 3 ይቀነስበታል። የሚመለከተው አካል አንተ ነህ እለዋለሁ።

ወረቀቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሱ። እኔ አንዴ ለአንዷ ልጅ ውጤቷን ስደምር ተሳስቼ 4 ማርክ አጎደልኩባት። መጥታ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ኤ4 ወረቀት ላይ ከላይ በቀኝ ቀን፣ ቁጥር፣ "ጉዳዩ፦ የውጤት ይታረምልኝ ማመልከቻን ይመለከታል"፣ ከስር "ግልባጭ፦ ለትምህርት ክፍሉ፣ ለፋይል" ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ጥግ ላይ ባዶ ቦታ ትታልኛለች፣ ለምሪቱ።

እስክሪብቶዬን አንስቼ "በመመሪያው መሰረት" ብዬ ልጀምር ስል እጄን ያዝኩት። 3 ቀን ፈጀብኝ፣ በአራተኛው ቀን 4ቱን ማርክ አስገባሁላት። ለ3 ቀን ምን እንደሰራሁ ግን እስካሁን እየጠየቀችኝ ነው።